ጫማ ለዓይን ወይስ ለእግር?

በዚህ ሰሌዳ ላይ እስካሁን ስለ አጠናን ዘዴ፣ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ንባብ ልማድ ብዙ ተጽፏል። ስለ እግር የጻፈ ሰው ግን አላየሁም። «ስለ እግር ደግሞ ምን ይጻፋል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው እል ነበር። ባለፈው መንፈቅ ዓመት ሦስት ሳምንት ያህል ሳነክስ ያያችሁኝ ሁሉ «ምን ሆነህ ነው?» ስትሉኝ «ኳስ ስጫወት ወለም ብሎኝ ነው» እያልኩ አልፌአችኋለሁ። መልሴ ውሸት አልነበረም፤ ግን ግማሽ ነበር። ዛሬ የቀረውን ግማሽ ጽፌ ይውጣልኝ። ነገሩ እኔን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ የሰሌዳውን ቦታ ባልያዝኩ ነበር፤ ነገ ልጆች ፊት የምንቆም ሰዎች ስለሆንን ግን ለሁላችንም ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

የተወለድኩትና ያደግሁት በወላይታ፣ በዳሞት ሶሬ ወረዳ፣ ከጉኑኖ ከተማ ትንሽ ራቅ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ነው። አገሩን የረገጠ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው አፈሩ ነው። ቀይ ነው። በክረምት እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ በበጋ እንደ በርበሬ ይበናል። እንሰቱም፣ ጎዳሬውም፣ ቡናውም የሚበቅለው በዚሁ አፈር ነውና አናማውም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጉኑኖ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ዝናቡ ከተዳፋቱ ማሳ ላይ ስንት አፈር ጠርጎ እንደሚወስድ ይለካ እንደነበር ትልልቆቹ ያወሩናል። ከማሳው የሚሄደው አፈር እንዲህ ሲለካ፣ በእግራችን በኩል ወደ ሰውነታችን የሚገባውን ግን በእኛ ሰፈር ያሰበው አልነበረም።

በልጅነታችን ጫማ የገበያና የበዓል ዕቃ ነበር። ገበያ የሚሄድ ሰው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ይነሣና ከከተማው መግቢያ ሲደርስ እግሩን በሣር ጠርጎ ያደርገዋል። ሲመለስም እዚያው ቦታ ላይ ያወልቀዋል። ለምን ቢሉ፣ ጫማው እንዳያልቅ ነዋ! እግር ግን ያልቃል ብሎ የሠጋ የለም። እኔ የመጀመሪያዬን ጫማ ያገኘሁት አራተኛ ክፍል ስገባ ነው። ኮንጎ ነበር። አባቴ «ያድግበታል» ብሎ ከልኬ በጣም ያለፈ ገዛልኝ፤ እናቴም ከፊቱ ጨርቅ ጠቀጠቀችበት። ስሮጥ ጫማው ወደ ኋላ ይቀራል፣ እኔ ወደ ፊት እሄዳለሁ። ስለዚህ ሜዳ ላይ ስንደርስ አውልቄ የጎል ምልክት አደርገው ነበር። ወላጆቼን መውቀሴ አይደለም። ያለችውን ብር አብቃቅቶ ለሦስት ዓመት የሚሆን ጫማ የሚፈልግ አባት ምን ያድርግ? ግን እግሬ ጫማ እያለው ባዶውን አደገ።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ፤ የአባቴ እህት ናት። እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ነች። ራሴን ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ ሁለቱም እግሮቿ እስከ ጉልበቷ አብጠው፣ ቆዳው ሻክሮና ጓጉሎ፣ በጣቶቿ መካከል ውኃ እያዠ ነው የማውቃት። ሠርግ አትሄድም። ለቅሶ ስትሄድ ከሰው ኋላ፣ ጓሮ በኩል ትቀመጣለች። አንዱ «እባብ የሞተበትን ረግጣ ነው» ይላል፤ ሌላው «እርግማን ነው» ይላል። የጎረቤት ልጆች እሷ በረገጠችበት እንዳይረግጡ ይነገራቸው ነበር። እኔ እንኳ፣ እሷ አዝላ ያሳደገችኝ ልጅ፣ ጓደኞቼ ሲመጡ ወደ ጓዳ ብትገባልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው።

በሽታው በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከዝሆኔ በሽታ ዓይነቶች አንዱ ቢሆንም እንደ ሌላው ዓይነት በትንኝ የሚተላለፍ አይደለም። የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ አለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት ባዶ እግር ከመሄድ ነው። በጣም ደቃቅ የሆኑ የአፈሩ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን እንደሚያስቆጡና ቀስ በቀስ እንደሚደፍኑ ይታመናል። መተላለፊያው ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ እግሩም ያብጣል። ስሙንም ከግሪክ ቋንቋ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት ያወጣለት፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ሲሠራ በሽታውን በሰፊው ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

በእኛ አካባቢ ነገሩ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት በወላይታ ከመቶው ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው ይህ በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታው ዞኑን በዓመት 16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚያሳጣ፣ ሕሙማኑም ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያጡ ገምቷል። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚመጣው ከአፈርና ከባዶ እግር ነው።

«ታዲያ ሁላችንም ባዶ እግራችንን አድገን ለምን አንዳንዱን ብቻ ያዘው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ በደም ውስጥ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆነ፣ ተጋላጭነቱም በቤተሰብ እንደሚወረስ አሳይቷል። ይህ ማለት በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይጋባል ማለት አይደለም። አይጋባም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ በረገጡበት መርገጥ ምንም አያመጣም። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ሰውም ቢሆን እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ አይታመምም። «ዘር ነው» ብለው የሚያሙ ሰዎች ግማሿን አግኝተዋታል፤ ትልቋን ግማሽ ስተዋታል።

ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር። የማውቀው አክስቴን ነው። የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኝ ሆኜ እዚህ እንደመጣሁ፣ ማታ ማታ ከስፖርት በኋላ የግራ እግሬ ላይኛው ገጽ ያቃጥለኝ ጀመር። ያሳክከኛል። ሁለተኛዋ ጣቴ ወፈር ትላለች። ጠዋት ስነሣ ይጠፋል፤ ማታ ይመለሳል። አክስቴም የጀመራት እንዲሁ እንደነበር ከአባቴ ሰምቻለሁ። ምን እንደሆነ ገባኝ። ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ደበቅሁት። ዶርም ውስጥ መብራት ሳይጠፋ ካልሲዬን አላወልቅም። ሻወር ቤት ሰው በሌለበት ሰዓት እሄዳለሁ። ለስብሰባ፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለምግብ ቤት ሁልጊዜ የተሸፈነ ጫማ!

ከዚያ ያቺ ነጭ የስፖርት ጫማ መጣች። ብዙዎቻችሁ ታስታውሷታላችሁ፤ «ከየት አመጣሃት?» ያላላችሁኝ የለም። ከሰልባጅ ተራ ነው የገዛኋት። እግሬ 43 ነው፤ እሷ 41 ነበረች። ሻጩ «ቆዳ ነው፣ ይለቃል» አለኝ። እኔም እንደሚለቅ አምኜ ሳይሆን እንዳይለቅ ፈልጌ ገዛኋት። እግሬን ጠፍራ ትይዘዋለች፤ እብጠቱ ከውጭ አይታይም። በዚያ ላይ ታምራለች። ጫማዋን ለዓይን ገዛኋት፤ ለሰው ዓይን፣ ከዚያም በላይ ለራሴ ዓይን።

እግር ግን ዝም አይልም። በሁለተኛው ሳምንት የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ። ተረከዜ ውኃ ቋጠረና ፈነዳ። ከላይ ሲያመኝ ማሰሪያውን አላላሁት። ከሌላው ክፍል ጋር በተጋጠምንበት ቀን ማሰሪያው እንደላላ ሜዳ ገባሁ። ኳሷን ለማስመለስ ስዞር እግሬ ጫማው ውስጥ ተንሸራተተ፤ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውጭ ታጠፈ። ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ። ስለዚህ ወለም ያለኝ በኳሱ ምክንያት አልነበረም። በጫማው ምክንያት ነው፤ ጫማውንም የመረጠው ሐፍረቴ ነው።

የሚቀጥለውን ስህተት ደግሞ ከነገሥታት ድፍረት ጋር ሠራሁት። በዚያው ማታ ጓደኞቼ አንድ አሻሽ ዘንድ ወሰዱኝና እያስጮኸ አሸኝ። ሲነጋ እግሬ እጥፍ ሆኗል። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ፤ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ። ተረከዜ ላይ በፈነዳው ቁስል ጀርም ገብቶ ኖሯል። ጤና ጣቢያ የተቀበለችኝ ነርስ መድኃኒቱን ከሰጠችኝ በኋላ እግሬን አገላብጣ አየችና «ከየት አገር ነህ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ከቤተሰብህ እግሩ የሚያብጥ ሰው አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኩ። አስቡት! መምህር ለመሆን የሚሠለጥን ሰው፣ ልትረዳው የጠየቀችውን ባለሙያ ዓይኗን እያየ «የለም» አለ። አክስቴን ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ጓዳ አስገባኋት።

ለዕረፍት ቤት ስገባ አክስቴን ሳያት ደነገጥኩ። ጫማ አድርጋለች! እግሮቿ ቀንሰዋል። ሙሉ በሙሉ አልዳኑም፤ ግን ቆዳው ለስልሷል፣ ሽታው ጠፍቷል፣ ገበያም በራሷ ትሄዳለች። በወላይታ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን በሽታ የሚያክም፣ በዶክተር ናታን ባርሎው የተመሠረተ ማኅበር አለ። አክስቴ ቀደም ሲልም ወሬውን ሰምታ ነበር፤ ሰው እንዳያያት ፈርታ ነው የቀረችው። በኋላ እንደሷ የታመመች አንዲት ጎረቤት እጇን ይዛ ወሰደቻት። ሕክምናው ውድ ነገር አይደለም። እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በጤና ባለሙያ በተነገረው መጠን በቀጠነ በረኪና ለሩብ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ እንደታዘዘው በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። የሚከብደው ጫማው ነው። ባበጠ እግር ልክ የተሠራ ጫማ ገበያ ላይ የለም፤ ለእንደነሱ ያለው ሰው እግሩ ተለክቶ ይሠራለታል። ጫማ በማጣት የታመመ ሰው ከታመመ በኋላም የሚሆነው ጫማ ያጣል፤ የችግሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ማታ እንደ ልማዷ ሳፋዋን አቅርባ ስትታጠብ እኔ ጫማዬን እንዳደረግሁ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ቀና ብላ አየችኝና በወላይትኛ «አውልቀው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጫማውን ነዋ። አራት ቀንህ ነው ከመጣህ። እግርህን አላየሁትም።»

«ደህና ነው፣ አክስቴ።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ እንደዚህ ስደብቅ ነው ሃያ ዓመት ያለፈኝ።»

አወለቅሁት። ምንም አላለችም። ውኃ ለወጠችና እግሬን በሳሙና አጠበችው። በየጣቶቼ መካከል እንደ ሕፃን ልጅ እግር ጠረገችው። እያለቀስኩ እንደሆነ አይታለች፤ እንዳላየች ሆነች። ከዚያ ከስፌት ቅርጫቷ ውስጥ ክር አወጣች። «ቁም» አለችኝ። ክሩን መሬት ላይ ዘርግታ ከተረከዜ እስከ ረጅሙ ጣቴ ለካችና ቋጠረችው። ቀኙንም ለካች። ከዚያ በእግሬ በሰፊው ቦታ ላይ ዙሪያውን ለካችና ሌላ ቋጠሮ አሠረችበት። «እኔን ሲለኩኝ አይቼ ነው የተማርኩት። ጫማ ስትገዛ ይህንን ይዘህ ሂድ። ሰው ይዋሻል፤ አንተም ትዋሻለህ። ክር አይዋሽም» አለችኝ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ አብራኝ ሄደች። የኔው ገና ጅምር ላይ ነው፤ በዚህ ደረጃ በንጽሕናና በጫማ ሊገታ የሚችል ነው አሉኝ።

ከዕረፍት መልስ ነገሩን ለስፖርት መምህራችን በግል አጫወትኳቸው። እግረ መንገዴንም ዶርም ውስጥ ሁልጊዜ የምንከራከርበትን ነገር አነሣሁላቸው፤ «አበበ ቢቂላ እኮ ሮም ላይ ባዶ እግሩን ነው ያሸነፈው። ጫማ ያን ያህል ቁም ነገር ነው ወይ?» አልኳቸው። ሳቁና «ታሪኩን እስከ መጨረሻው ንገረኛ!» አሉኝ። እውነት ነው፤ ጀግናው አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማራቶንን ባዶ እግሩን አሸንፏል። ግን ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ ስለጠላ አልነበረም። ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ በእግሩ ልክ ስላልሆነና ስላልተመቸው፣ በልምምዱም ባዶ እግር መሮጥ ስለለመደ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ገና ጥቂት ሳምንታት ሆኖት ሳለ፣ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። «እንግዲህ ከአበበ የምንማረው ጫማ አያስፈልግም የሚለውን አይደለም» አሉኝ መምህራችን፤ «ልክህ ያልሆነ ጫማ ከሚያደርግህ ባዶ እግር ይሻላል፤ ልክህ የሆነ ጫማ ግን ከሁለቱም ይሻላል የሚለውን ነው።» እኔ በበኩሌ ለእኛ አፈር አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። የሮም ጎዳና ድንጋይና አስፋልት ነው፤ የጉኑኖ መንገድ ቀይ አፈር ነው። እኛ አገር ባዶ እግር መሄድ ዋጋ አለው፤ ዋጋው የሚከፈለው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ከአክስቴ፣ ከጤና ጣቢያና ከመምህራችን የሰበሰብኩትን ለጓደኞቼ ይጠቅም ዘንድ ባጭሩ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ጫማ መለካት ያለበት በማታ ወይም ከሥራ በኋላ ነው፤ እግር በቀኑ መጨረሻ ስለሚያብጥ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠብባል። ሁለቱንም እግር መለካት ነው፤ የብዙ ሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም። ጫማው የሚመረጠው ለትልቁ እግር ነው። ስንለካም ለስፖርት የምናደርገውን ካልሲ አድርገን ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቆመን ከረጅሙ ጣታችን ፊት የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መቅረት አለበት። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት እንዳይመስለን፤ የብዙዎቻችን ሁለተኛው ይረዝማል። ጣቶች ጫማው ውስጥ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ተረከዝ ግን መንሸራተት የለበትም። ቁጥር ብቻ አይታመን፤ የአንዱ ፋብሪካ 42 ከሌላው 42 ይለያል። «ይለቃል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ እኔን አስታውሱኝ።

ሦስተኛ፣ ጫማው መታጠፍ ያለበት እግራችን በሚታጠፍበት፣ ማለትም በጣቶች ሥር ነው። መሐል ላይ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ጫማ እግርን አይደግፍም። ሰልባጅ ስንገዛ ገልብጠን ሶሉን እንይ፤ በአንድ በኩል ያለቀ ከሆነ የቀድሞ ባለቤቱን አረጋገጥ ይዞ መጥቷልና ቁርጭምጭሚታችንን ወደዚያው ያጋድለዋል። ለኳስ ታኬታ፣ ለሩጫ የሩጫ ጫማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አቅም ለሌለን ግን ልክ የሆነ ሸራ ጫማ ልክ ካልሆነ ታኬታ ይበልጣል።

አራተኛ፣ እግር በየቀኑ ማታ ይታጠብ፤ በተለይ በጣቶች መካከል ይድረቅ። እርጥበት ከቆየ ፈንገስ ይፈጥራል፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ለጀርም በር ይከፈታል። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ። ሙጀሌ የገባበት ሰው በቆሸሸ መርፌ አይቆፍር፤ በንጹሕ መርፌ ወይም በጤና ጣቢያ ይውጣለት። ኮንጎ ጫማ ከአፈር ይጠብቃል፤ ግን ያልባል። ስለዚህ ከውስጡ ይታጠብ፣ እግሩም ይናፈስ። የረጠበ ጫማ እሳት ዳር አይቀመጥ፤ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። አሮጌ ጋዜጣ ጠቅጥቀን በጥላ እናድርቀው። (የግድግዳ ጋዜጣችንን ገንጥሎ የሚጠቀጥቅ ግን አይገኝ!)

አምስተኛ፣ ወለም ሲል በመጀመሪያዎቹ ቀናት መታሸት የለም። ማረፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በራሰ ጨርቅ መያዝ፣ ሳይጠብቅ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት ነው። አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው፣ ወይም አጥንቱ ሲነካ የሚያመው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ስብራት ሊሆን ይችላል። ከዳነ በኋላ ቁርጭምጭሚት እንዲጠነክር ጥርስ ስናጸዳ በአንድ እግር እንቁም፤ በየቀኑም በጣቶቻችን ጫፍ እየተነሣን እንውረድ። ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ እሱም ከሁሉ የሚከብደኝ ነው።

ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተመደብኩ ጊዜ የአምስተኛ ክፍል የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተሰጠኝ። የእግርን ነገር አውቄአለሁ ብዬ ስለነበር በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ያለ ጫማ ሜዳ መግባት ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ። ለጤናቸው ያሰብኩ መስሎኛል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ በሩጫው መሐል ወደቀ። ቁርጭምጭሚቱ ታጥፏል። ጫማውን ሳወልቅለት በሲባጎ የታሠረ፣ ለአዋቂ እንኳ የሚበዛ ጫማ ነው። «የማን ጫማ ነው ያደረግኸው?» ብዬ ተቆጣሁት።

«የወንድሜን ነው፣ መምህር። ጫማ የሌለው አይገባም ስላሉ ነው» አለኝ።

ምን ልበለው? እኔ ሐፍረቴን ለመደበቅ የጠበበ ጫማ አደረግሁ፤ እሱ ትእዛዜን ለመፈጸም የሰፋ ጫማ አደረገ። ሁለታችንም ወለም አለን። የእሱን ግን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጫማ አድርጉ ማለት ቀላል ነው፤ እግሩን ሳያዩ ማለት ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው።

በማግሥቱ የጻፍኩትን አጠፋሁ። ለልጆቹ አሮጌ ወረቀት አደልኩና እግራቸውን አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ እንዲስሉ፣ በማስመሪያ እንዲለኩ አደረግሁ። ለሒሳብ ትምህርትም ሆነልኝ። አብዛኞቹ የእግራቸውን ልክ አያውቁም ነበር። ወረቀቱን ቤት ወስደው ጫማ ለሚገዛላቸው ሰው እንዲሰጡ፣ ለማደጊያ ተብሎም ከአንድ አውራ ጣት ስፋት በላይ እንዳይተው ነገርኳቸው። ጫማ የሌላቸው በሣሩ በኩል የሚሠሩትን ጨዋታ አዘጋጀሁ፤ ሲጨርሱም ሁሉም፣ ባለጫማውም ጭምር፣ በአንድ ጀሪካን ውኃ ተራ በተራ እግሩን ታጠበ። ባለጫማው ጭምር ያልኩት ሆን ብዬ ነው። መታጠብ የድሃ ምልክት ከሆነ ማንም አይታጠብም። ይህ ጫማ የሌለውን ልጅ ባለጫማ አያደርገውም፤ ቢያንስ ግን ከሜዳ አላባረርኩትም። ጫማ ከሌላቸው መካከል አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ የእናትዮዋን እግር እንዳይ አድርጋለች። የት መሄድ እንዳለባቸውም ነገርኳቸው። የኔ እግር ደብቆ ቢቀር ኖሮ እነሱም ባልመጡ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ነገ አንዳንዶቻችን ቀይ አፈር ወዳለበት አገር እንመደባለን። ከበር ላይ ቆመን የተማሪውን ደብተር፣ የተማሪውን ጥፍር እናያለን። እባካችሁ እግሩንም እንይ። አይተንም አናሳፍረው። ያበጠ እግር ያለው ወላጅ ትምህርት ቤት ሲመጣ ወንበር አቅርበን በሰው መሐል እናስቀምጠው፤ ልጁ ያየናል።

የግራ እግሬን በየእሑዱ በአክስቴ ክር እለካዋለሁ። እስካሁን ከቋጠሮው አላለፈም። ያቺን ነጭ ጫማ ሸጬ በላይዋ ጨመርኩና 43 ቁጥር ሸራ ገዝቻለሁ፤ አታምርም፣ ግን እግሬ ይገባባታል። ዶርም ውስጥ ካልሲዬን መብራት ሳይጠፋ ማውለቅ ጀምሬአለሁ። መጠየቅ የሚፈልግ፣ ወይም እንደኔ የደበቀ ጓደኛ ካለ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ብቅ ይበል። ሳፋም ክርም አለ።